ለመኪና ኃይለኛ ቤንዚን ሰጥቶ ጭሱን ለማጥራት የታገለው ዩጂን ሁድሪ

በአብዛኞቹ የቤንዚን መኪኖች ሆድ ሥር፣ ከሞተሩ በሚነሳው የጭስ ማውጫ ቧንቧ ላይ፣ ከውጭ ለሚያየው ተራ ቆርቆሮ የሚመስል አንድ ዕቃ ተገጥሞ ይገኛል። ስሙ ካታላይቲክ ኮንቨርተር ነው። ከሞተሩ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ በዚህ ዕቃ ውስጥ ሲያልፍ አብዛኛው ወደ ውሃ ተን፣ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እና ወደ ናይትሮጅን ይለወጣል።

ይህን ዕቃ ለመኪና ለመሥራት ቀድመው ከተነሱት ሰዎች መካከል ስሙ ከሁሉ በፊት የሚጠራው ፈረንሳይ ተወልዶ አሜሪካ ያረፈው መሐንዲስ ዩጂን ሁድሪ ነው። ሁድሪ የጎልማሳነት ዘመኑን ያሳለፈው መኪና ፈጥኖ እንዲሮጥ፣ አውሮፕላንም በኃይል እንዲበር የሚያስችል ቤንዚን በማምረት ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ ያው ቤንዚን ተቃጥሎ የሚተወውን ጭስ ለማጥራት ተነሳ። መሣሪያውን ሠርቶ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ቢያገኝበትም፣ በዘመኑ በቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ ለመኪና እንዳይውል አገደው። ዕቃው በሚሊዮን በሚቆጠሩ መኪኖች ላይ ሲገጠም ለማየትም አልታደለም።

የብረት ፋብሪካ ባለቤቱ ልጅ

ዩጂን ሁድሪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሚያዝያ 18 ቀን 1892 በፓሪስ አቅራቢያ በምትገኘው ዶሞን ተወለደ። አባቱ በብረታ ብረት ሥራ የበለጸጉ ባለ ፋብሪካ ነበሩ። ልጃቸው የቤተሰቡን ሥራ እንዲረከብ በመታሰቡም በታወቀው የአርትና ሙያ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሜካኒካል ምህንድስና ተማረ። በ1911 ከመላው ተመራቂ አንደኛ ወጥቶ የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመ። በተማሪነቱ ዘመን የትምህርት ቤቱ የእግር ኳስ ቡድን አምበልም ነበር።

በአባቱ ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። ሁድሪ ያኔ ገና አዲስ በነበረው የታንክ ክፍል ውስጥ በመኮንንነት ተመደበ። ፈረንሳይ ታንኮቿን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ውጊያ ያሰለፈችው ሚያዝያ 1917 ዡቫንኩር በተባለው ሥፍራ ሲሆን፣ ውጊያው ብዙዎቹ ታንኮች የተቃጠሉበትና የተሰበሩበት ነበር። ሁድሪ በከባድ ተኩስ መካከል የተበላሹት ታንኮች እንዲጠገኑ ሲያስተባብር ክፉኛ ቆሰለ። ለዚህ ጀግንነቱ የፈረንሳይን የጦር መስቀል ኒሻን የተሸለመ ሲሆን፣ የሌዢዮን ዶኖር ክብርም አግኝቷል።

ከእሽቅድድም ሜዳ ወደ ላቦራቶሪ

ከጦርነቱ በኋላ ሁድሪ ወደ ብረት ፋብሪካው ቢመለስም ልቡ በሌላ ነገር ተይዞ ነበር። የመኪና እሽቅድድም አፍቃሪ ሆነ፤ ቡጋቲ መኪናም ያሽከረክር ነበር። ወደ አሜሪካ ተሻግሮ የፎርድን ፋብሪካ ጎበኘ፤ በኢንዲያናፖሊስ የሚካሄደውን ታላቅ የመኪና ውድድርም ተመለከተ።

የእሽቅድድም ሰው ከሌላው ቀድሞ የሚረዳው አንድ ነገር አለ፤ የሞተር ጉልበት በነዳጁ ጥራት ይወሰናል። በዚያ ዘመን የነበረው ቤንዚን ሞተሩ ውስጥ ጠንከር ያለ ግፊት ሲያጋጥመው ከጊዜው አስቀድሞ ይፈነዳ ነበር። መካኒኮች ይህን የሞተር መንኳኳት ይሉታል። የሚያንኳኳ ሞተር ጉልበቱን ያጣል፤ ሲቆይም ይሰበራል። ስለዚህ የመኪና ሠሪዎች ምኞት ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን፣ የተሻለ ቤንዚን እስካልተገኘ ድረስ ከአንድ ደረጃ ማለፍ አይቻልም ነበር።

ፈረንሳይ ደግሞ የራሷ የሆነ በቂ ድፍድፍ ነዳጅ አልነበራትም። ጦርነቱ ይህ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ አሳይቷል። ሁድሪ በ1922 ፕሩዶም የተባለ በኒስ ከተማ የሚኖር የመድኃኒት ባለሙያ ሊግናይት ከሚባለው ቡናማ የድንጋይ ከሰል ቤንዚን የሚገኝበትን ዘዴ አግኝቻለሁ ማለቱን ሰማ። ሰውየውን ከረዳቶቹ ጋር ወደ ፓሪስ አካባቢ አምጥቶ ላቦራቶሪ አቋቋመለት። ኬሚስት ያልነበረው ሁድሪም ኬሚስትሪን በሥራ ላይ እያለ ተማረ።

በ1929 በቀን 60 ቶን ሊግናይት ወደ ቤንዚንና ዘይት የሚለውጥ የማሳያ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ዘዴው እንደሚሠራ ቢረጋገጥም ወጪው ከገቢው ስለበለጠ መንግሥት ድጋፉን አቋረጠ። ፋብሪካው ተዘጋ። የዓመታት ድካምና ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ውጥን በዚህ ተቋጨ።

አመዱን አቃጥሎ አፈሩን ማዳን

ይሁንና ሁድሪ በእነዚያ ዓመታት ሊግናይቱን ወደ ጎን ትቶ ከባድ የድፍድፍ ዘይት ክፍሎችንም ይሞክር ነበር። የነዳጅ ማጣሪያዎች በዚያን ጊዜ ከባዱን ዘይት ወደ ቤንዚን የሚሰባብሩት በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ብቻ ነበር። በዚህ መንገድ የሚገኘው ቤንዚን መጠኑ አነስተኛ፣ ጥራቱም ዝቅተኛ ነው። ሁድሪ የፈለገው ይህን ሥራ በካታሊስት፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ የሌሎችን ኬሚካላዊ ለውጥ በሚያፋጥን ንጥረ ነገር፣ ማከናወን ነበር።

በመቶዎች የሚቆጠሩ ነገሮችን ከሞከረ በኋላ ውጤት ያገኘው ሲሊካና አሉሚና ባለበት የሸክላ አፈር ነው። የዘይቱ ተን በጋለው አፈር ላይ ሲያልፍ ተሰባብሮ ሞተር የማያንኳኳ ጥሩ ቤንዚን ሆነ። ሁድሪም ያገኘውን ነዳጅ በገዛ ቡጋቲው ላይ ሞከረው።

ነገር ግን አንድ ከባድ እንቅፋት ነበር። ዘይቱ ሲሰባበር ጥላሸት የመሰለ ካርቦን ይተዋል። ይህ ካርቦን አፈሩን ስለሚሸፍነው ካታሊስቱ በደቂቃዎች ውስጥ ሥራውን ያቆማል። ከእሱ በፊት የነበሩ ተመራማሪዎች ካታሊስትን የሸሹት በዚህ ምክንያት ነበር። ሁድሪ ካርቦኑን የሚያስወግደው በማቃጠል ነው። አየር ነፍቶ ጥላሸቱን ሲያቃጥለው አፈሩ ሳይጎዳ ይታደሳል፤ ከቃጠሎው የሚገኘው ሙቀትም ለቀጣዩ ሥራ ይውላል። በርካታ ጋኖች ጎን ለጎን ተተክለው አንዱ ቤንዚን ሲያመርት ሌላው ካርቦኑን ያቃጥል ነበር። ተራው በሰዓት ቆጣሪ እየተለዋወጠ ምርቱ ሳይቋረጥ ይቀጥላል።

ካታሊስት በላዩ በሚለጠፍበት ነገር እንደሚታፈንና ከዳነም የሚድነው ያን ነገር በማስወገድ እንደሆነ ሁድሪ የተማረው ያኔ ነው። ይህ ትምህርት ከሃያ ዓመት በኋላ በሌላ መልክ ተመልሶ ይመጣበታል።

አሜሪካና ጦርነቱ

በፈረንሳይ የሚደግፈው ስላጣ ሁድሪ ፊቱን ወደ አሜሪካ አዞረ። በ1930 ቫክዩም ኦይል የተባለው ኩባንያ ጋበዘውና ሥራውን በኒው ጀርዚ ግዛት ፖልስቦሮ ቀጠለ። የዘመኑ የኢኮኖሚ ድቀት ገንዘቡን ሲያሳንስበት የፊላደልፊያው ሰን ኦይል በሽርክና ገባ። በ1936 የመጀመሪያው የንግድ ማጣሪያ በፖልስቦሮ ሥራ ጀመረ። በቀጣዩ ዓመት ከዚያ እጅግ የሚበልጠው በፔንስልቬንያ ማርከስ ሁክ ተከፈተ። ከባዱ ዘይት በዚህ ዘዴ ሲጣራ ግማሽ ያህሉ በቀጥታ ጥሩ ቤንዚን ይሆን ነበር፤ በቀድሞው የሙቀት ዘዴ የሚገኘው ግን ሩብ ያህል ብቻ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ይህ ግኝት ከመኪና ገበያ ያለፈ ትርጉም አገኘ። የተዋጊ አውሮፕላኖች ሞተር ባለ 100 ኦክቴን ቤንዚን ይፈልግ ነበር። የሁድሪ ማጣሪያዎች የሚያመርቱት ቤንዚን የዚህ ነዳጅ ዋና ግብዓት ሆነ። ሁድሪ በዚያው ጦርነት ለሰው ሠራሽ ጎማ የሚያስፈልገውን ቡታዳይን ከቡቴን ጋዝ ለማግኘት የሚያስችል ዘዴም ሠርቷል።

ሰኔ 1940 ፈረንሳይ ለናዚ ጀርመን እጅ ስትሰጥ ሁድሪ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በአሜሪካ የጄኔራል ደ ጎልን ትግል የሚደግፈውን የነጻይቱ ፈረንሳይ ወዳጆች ማኅበር በፕሬዝዳንትነት መራ፤ ከጀርመን ጋር የተባበረውንም የቪሺ መንግሥት በአደባባይ አወገዘ። የቪሺ መንግሥትም በ1941 የፈረንሳይ ዜግነቱን ገፈፈው። የታንክ ውጊያ ቁስለኛውና የኒሻን ተሸላሚው ሰው አገር አልባ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካዊ ዜግነት አገኘ።

የከተሞች ጭጋግ

ከጦርነቱ በኋላ ሁድሪ ሀብትና ዝና አግኝቶ ሊያርፍ ይችል ነበር። ይሁንና ሐሳቡን ሌላ ጉዳይ ያዘው። ሎስ አንጀለስን የመሳሰሉ ከተሞች ዓይን በሚያቃጥልና ደረት በሚያፍን ጭጋግ ይሸፈኑ ጀመር። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ የተካሄዱ ጥናቶች ይህ ጭጋግ የሚፈጠረው በአመዛኙ ከመኪና የሚወጣው ጋዝ ከፀሐይ ብርሃን ጋር ሲገናኝ መሆኑን አሳዩ። የሳንባ ካንሰር እየጨመረ መምጣቱም ሁድሪን አሳስቦት ነበር።

ኦክሲ ካታሊስት የተባለ ኩባንያ በፔንስልቬንያ አቋቋመ። አስተሳሰቡ ከቀደመው ሥራው የቀጠለ ነበር። ሞተር ውስጥ ሳይቃጠል የቀረ ቤንዚንና ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ የጋለ ካታሊስት ላይ ከአየር ጋር ቢያልፍ ቃጠሎውን ይጨርሳል። በቤንዚን ማጣሪያው ውስጥ ጥላሸቱን ያቃጠለበት መርህ አሁን ከጭስ ማውጫው ሥር ገባ ማለት ነው። ሁድሪ ለፋብሪካ ጭስ ማውጫዎች የሚሆኑ መሣሪያዎችን ሠራ። በተዘጋ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሱ ፎርክሊፍቶችም እርሳስ በሌለው ቤንዚን ይሠሩ ስለነበር መሣሪያው ተስማማቸው። በ1956 ለመኪና ጭስ የሚሆን ካታላይቲክ ኮንቨርተር የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘበት።

እርሳሱ

በተራው መኪና ላይ ግን ዕቃው ዕድሜ አልነበረውም። ምክንያቱ ደግሞ የሚጀምረው ሁድሪ ገና የእሽቅድድም አፍቃሪ ወጣት ከነበረበት ጊዜ ነው። በ1921 የጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪ የነበረው ቶማስ ሚድግሊ ቤንዚን ውስጥ ጥቂት የእርሳስ ውህድ ቢጨመር የሞተር መንኳኳት እንደሚቆም አወቀ። ሁድሪ ውድ ማጣሪያ ተክሎ የፈታውን ችግር ሚድግሊ በርካሽ ፈታው። በ1924 ውህዱን የሚያመርቱ ሠራተኞች በእርሳስ ተመርዘው ቢሞቱም ንግዱ ከአጭር ጊዜ በኋላ ቀጠለ። እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚንም ዓለምን አዳረሰ። በጦርነቱ ዘመን የሁድሪ ማጣሪያዎች ያመረቱት የአውሮፕላን ቤንዚን ራሱ እርሳስ ይጨመርበት ነበር።

ቤንዚኑ ሲቃጠል እርሳሱ ከጭሱ ጋር ይወጣና በካታሊስቱ ገጽ ላይ ይለጠፋል። ካርቦንን ማቃጠል ይቻላል፤ እርሳስ ግን ብረት በመሆኑ እንደ ጥላሸት ነድዶ አይጠፋም። ካታሊስቱ ይታፈናል፣ ሥራውንም ያቆማል። የመፍትሔው ቁልፍ ያለው እርሳሱን ከቤንዚን በማውጣት ላይ ነበር። ያን ለማድረግ ደግሞ የነዳጅና የመኪና ኩባንያዎች ወይም መንግሥት መወሰን ነበረባቸው። በሁድሪ ዕድሜ የወሰነ አልነበረም።

ሁድሪ ሐምሌ 18 ቀን 1962 በፔንስልቬንያ በ70 ዓመቱ አረፈ። በስሙ መቶ ያህል የፈጠራ ባለቤትነት መብቶች ተመዝግበው ነበር።

ከሞቱ በኋላ የመጣው ድል

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1970፣ አሜሪካ የመኪና ጭስ መርዝን በ90 በመቶ እንዲቀንስ የሚያስገድድ የንጹሕ አየር ሕግ አወጣች። መኪና ሠሪዎች ይህን ሊያሟሉ የሚችሉበት ዋነኛ መንገድ የካታሊስቱ መንገድ ሆነ። ከ1974 ጀምሮ ነዳጅ ማደያዎች እርሳስ የሌለው ቤንዚን እንዲያቀርቡ ተገደዱ። የ1975 ሞዴል አዳዲስ መኪኖች አብዛኞቹ ኮንቨርተር ተገጥሞላቸው ወጡ።

አዲሱ ዕቃ ከሁድሪ መሣሪያ የተሻሻለ ነበር። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ በቀጫጭን ቀዳዳዎች የተሞላ ሴራሚክ ሲሆን፣ ፕላቲነምን የመሳሰሉ ውድ ማዕድናት በስሱ ይቀቡታል። ጥቂት ቆይቶ ከካርቦን ሞኖክሳይድና ካልተቃጠለ ቤንዚን በተጨማሪ የናይትሮጅን ኦክሳይዶችንም የሚለውጥ፣ በኦክስጅን ሴንሰር የሚታገዝ ዓይነት መጣ። እርሳስ ከቤንዚን እንዲወጣ መጀመሪያ የተገፋው ካታሊስቱን ላለማበላሸት ነው። ትልቁ ጥቅም ግን ለሕፃናት አእምሮ ሆነ፤ ቤንዚኑ እርሳስ ሲያጣ በሰዎች ደም ውስጥ ያለው የእርሳስ መጠን በአስገራሚ ሁኔታ ቀነሰ።

ከሰሐራ በታች ያሉ አገራት እስከ 2006 መባቻ ድረስ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ሲያስወግዱ፣ በዓለም የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ በ2021 አቆመች።

ዕቃው ዛሬ

ሁድሪን ያሸነፈው እርሳስ ከመኪና ቤንዚን ጠፍቷል። ካታሊስቱ ግን ዛሬም የሚበላሽባቸው ምክንያቶች አሉ። ካንዴላው የደከመ ሞተር ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ይልካል። ያ ቤንዚን ኮንቨርተሩ ውስጥ ሲነድ ሙቀቱ ሴራሚኩን እስከማቅለጥ ይደርሳል። ዘይት የሚበላ ሞተርም የዘይቱን ቅሪት በካታሊስቱ ላይ ይለጥፋል። ቀዳዳዎቹ ሲዘጉ ጭሱ መውጫ ያጣል፤ መኪናው ዳገት ላይ ይደክማል፣ ቤንዚንም ይፈጃል።

በዚህ ጊዜ አንዳንድ ባለንብረቶች የታመመውን ሞተር ከማከም ይልቅ ዕቃውን አስቆርጠው በምትኩ ባዶ ቧንቧ ያስበይዳሉ። የእሽቅድድም ስሜት ያላቸው ወጣቶች ደግሞ ለድምፁና ለትንሽ ተጨማሪ ጉልበት ሲሉ ጤነኛውን ኮንቨርተር ያስወጡታል። በውስጡ ያለው ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ውድ በመሆኑም ሌቦች ከቆመ መኪና ሥር ቆርጠው ይወስዱታል።

ጉዳዩ ምሥራቅ አፍሪካን በቀጥታ ይነካል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2020 ይፋ ባደረገው ሪፖርት መሠረት ከ2015 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል ተሽከርካሪዎች ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወደ ሌሎች አገራት ተልከዋል፤ ትልቁ ድርሻ የተላከውም ወደ አፍሪካ ነው። የኔዘርላንድስ ተቆጣጣሪዎች በወደቦቻቸው ወደ አፍሪካ ሊጫኑ የተዘጋጁ መኪኖችን ሲፈትሹ ካታላይቲክ ኮንቨርተራቸው የተነቀለ አግኝተዋል። የቀጣናው አገራት በየፊናቸው እርምጃ መውሰድ ጀምረዋል። ኬንያ ከስምንት ዓመት በላይ ያገለገሉ መኪኖች እንዳይገቡ ትከለክላለች። ኢትዮጵያ በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስናለች። ቀድሞ የገቡት ግን መንገድ ላይ ናቸው፤ የሚወጣው ጭስም በጋራዡ ውስጥ ዕቃውን ለማከም ወይም ለማስቆረጥ በሚሰጠው ውሳኔ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የዩጂን ሁድሪ ስም ከሞተ ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ1990፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የፈጠራ ባለሙያዎች የክብር መዝገብ ላይ ሰፈረ። በካታሊስት ሳይንስ ጉልህ ሥራ ለሠሩ ተመራማሪዎች የሚሰጥ ሽልማትም በስሙ ተሰይሟል።